የኖሪ ጊልፊላን የመጨረሻ ጨዋታዎች

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

አዲሱ የእንግሊዝ ኳስ የውድድር ዘመን ተጀመረ። እንግሊዝ አገር ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኛ ያለንበት አሜሪካ ገና ጠዋት አራት ሰዓት። ኖሪ እንደ ልማዱ ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። የሚያየን ሰው የለም፤ ከዚያች መስኮት አልባ የስቱዲዮ ክፍል የሚወጣው ድምፃችን ብቻ ነው። "ወደ ጨዋታ ሲኬድ ይለበሳል" ይላል ሁልጊዜ።

ጨዋታውን ከስክሪኑ እያየን ጥሩ አስተላለፍን። የግራ ተከላካዩን ሁለቴ በሌላ ሰው ስም ጠራው። በእረፍት ላይ ነገርኩት። "በኛ ጊዜ ተጫዋች ሁሉ የጎደለው ጥርስ ነበረው፣ መለየት ቀላል ነበር" አለኝና ሳቅን። በጋውን ሙሉ ያረፈ ሰው ምላሱ ይዝጋል። የኔም ዝጎ ነበር።

ኦገስት 11፣ ሰኞ

ሐኪሜ ደም ግፊቴን ለክቶ "የሚያሳስብህን ነገር ጻፈው" አለኝ፤ ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚያ ነው። ግን የሚያሳስበኝ ነገር የለም። ስለ ሥራዬ ልጻፍ።

ኖሪን ባላገኘው ኖሮ ዛሬም የቦውሊንግ ውድድር እያስተላለፍኩ ነበር። ያኔ የእንግሊዝ ኳስ ወደ አሜሪካ የሚመጣው ቴፑ አውሮፕላን ላይ ተጭኖ ነው። ጨዋታው ካለቀ ሳምንት ሲያልፈው የሕዝብ ቴሌቪዥኑ ቆራርጦ በአንድ ሰዓት ያሳየዋል። ማን እንዳሸነፈ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግድ የሚሰጠውም አልነበረም። የያኔው አለቃዬ "የሚያስረዳ አንድ ስኮትላንዳዊ አግኝቻለሁ፤ አንተ ደግሞ እሱ የሚለው ለሰው እንዲገባ አድርገህ ጠይቀው" አለኝ። ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነበር።

ኖሪ እንግሊዝ አገር ላንካሻየር ውስጥ ለአንድ ክለብ የመሃል ተከላካይ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። እዚህ አዲስ ሊግ ተቋቋመ ሲባል ከሚስቱ ከኢሽቤል ጋር መጣ። ሊጉ ፈረሰ፣ ኖሪ ካርኒ በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ ቀረ፤ ካርኒ ደግሞ ግማሹ ሰው ስኮትላንዳዊ ስለሆነ ቤቱ የሄደ ያህል ነበር። ቤት ቀለም እየቀባ ሲኖር ነው ያገኙት። በመጀመሪያው ሳምንት መናፈሻው ሜዳ ላይ ወሰደኝና፣ ሰዎች ሲጫወቱ ዳር አቁሞ፣ ኳሷን እንዳላይ ከለከለኝ። "ኳሷን ሁሉም ያያታል። አንተ ሌሎቹን እያቸው" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔ የበራ መሰለኝ።

ቀጥሎ ሳተላይት መጣ። መጠጥ ቤቶች በር ላይ እያስከፈሉ በትልቅ ስክሪን ማሳየት ጀመሩ፤ ስኮትላንዳውያኑና አየርላንዳውያኑ በጠዋት ቢራ ይዘው ይጮሃሉ፤ ድምፃችንን ለነሱ እንልካለን። ከዚያ ደግሞ ኬብል። አሁን በየሳምንቱ በቀጥታ ነው፤ ነብራስካ ያለ ገበሬ እንኳ የሊድስ ክለብ በማን እንደተቆጣ ያውቃል። መሣሪያው ተቀያየረ። እኛ ሁለታችን ያው ነን።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ኖሪ ከእረፍት በኋላ፣ ማይኩ ክፍት ሆኖ፣ "ስንት ለስንት ነን?" አለኝ። "አይ ኖሪ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ በትልቁ ተጽፎልህ!" ብዬ ሳቅኩ። ሰው ቀልድ መሰለው። ቀልድም ነበር።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

አዲስ ዘዴ አገኘሁ። ኖሪ የተጫዋች ስም ሊጠራ ሲል ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደርግና ስሙን ቀድሜ እላለሁ። እሱ ይከተለኛል። ያምራል፤ የተለማመድነው ይመስላል። የድምፅ ባለሙያው ዱዌን ከመስታወቱ ማዶ ያየኝ ነበር። ሳየው ዓይኑን ሰበረ።

ሴፕቴምበር 24፣ ረቡዕ

አለቃችን ትሬሲ ሆልስትሮም በሯን ገርበብ አድርጋ በስልክ ታወራ ነበር። ለመስማት ብዬ አልቆምኩም፤ ቡና እየቀዳሁ ነው።

"ሎንዶኖቹ እኮ ምስሉን ከነድምፁ ነው የሚሰጡን። ሁሉ ነገር አልቆ ነው የሚመጣው። ታዲያ ጀርሲ ውስጥ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጬ ምን ላድርጋቸው? የድሮው ተመልካች ማስረዳት ይፈልግ ነበር። የዛሬው ራሱ ያውቃል።"

ሽማግሌ! ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ራሱ ያውቃል አለች። ያሳወቀው ማን ሆነና።

ለኖሪ አልነገርኩትም። ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ የባሰ... ሲጨነቅ አይሆንም።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ኖሪ ሁለተኛውን አጋማሽ ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ ጨረሰው። ስክሪኑን ያያል፤ ግን አንድ ሰው በባቡር መስኮት መንገድ ሲያልፍ እንደሚያየው ነው።

እንዲህ አደረግኩ። "ኖሪ፣ ይሄ ተከላካይ ትንሽ አልቸኮለም?" እለዋለሁ። "ቸኩሏል" ይላል። "አንተ ብትሆን ትጠብቅ ነበር?" "እጠብቅ ነበር።" ከዚያ ስለ ድሮ አንስቼ እጠይቀዋለሁ፤ ድሮውን ከጀመረ የሚያቆመው የለም። በጭቃ ስለሚጫወቱበት ሜዳ፣ ስለ በረኛው ስለ ዊሊ ታከር፣ በረዶ ጠርገው ኳስ ስለጀመሩበት ቀን። እንደ ትናንት ያወራዋል። ድምፁም ያኔ ወጣት ይሆናል።

ዱዌን ሲወጣ "ዛሬ ለሁለት ሠራህ" አለኝ። "ጓደኛ ለምን ሆንኩ?" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁ። በዚህ ሥራ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። የዛሬውን ቴፕ የሚሰማ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ደክሞት ነው። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ማንም ይደክመዋል።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

እራት ካርኒ፣ እነ ኖሪ ቤት። ኢሽቤል የሥጋ ፓይ ሠርታ ነበር። ኖሪ በልቶ ሲያበቃ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ። እሷ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

"ቨርን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አትዋሸኝ።"

"መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?"

"ሥራ ላይ እንዴት ነው?"

"እንደ ድሮው ነው።"

እጇን ከውሃው አወጣች። "ባለፈው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የሰው ካፖርት ለብሶ ተመለሰ። የራሱ የት እንደቀረ እስካሁን አላወቅንም። ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰለህ? 'በቴስታ ብዙ ይመታ ነበር?' አለኝ። ሳቄ መጣ። ኖሪ እኮ ሌላ ሥራ አልነበረውም! ያኔ ኳሷ ቆዳ ናት፤ ዝናብ ስትጠጣ ድንጋይ ነው የምትሆነው። ቅዳሜ ማታ ራሱን በጨርቅ አስሬለት ጨለማ ክፍል ውስጥ ይተኛል። እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ፤ የኳስ ተጫዋች ሁሉ እንደዚያ የሚያድር ይመስለኝ ነበር።"

"ደክሞት ይሆናል" አልኩ።

"ተው ቨርን። ቴሌቪዥኑን እኔም አየዋለሁ። ስሙን አንተ ትላለህ፣ እሱ ይደግማል። እንደ ሕፃን ልጅ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ንገራቸው። በክብር ይሸኙት። እኔ ብነግራቸው ይጠላኛል።"

"እኔንስ አይጠላኝም?"

"ቢጠላህም ይረሳዋል" አለችና በራሷ ቃል ደንግጣ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከገና በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ከገና በኋላ ማለት የግድ በማግስቱ ማለት አይደለም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። እኔ የምሸፍነው ለሱ ብዬ ነው። ቅዳሜ ቢቀርበት ምን ይቀረዋል? ሰው እኮ ቅዳሜ ያስፈልገዋል። ቤት ግድግዳ አፍጥጦ መዋል እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከእሁድ እስከ ዓርብ እኔው ራሴ የማደርገው ነው።

ዲሴምበር 26፣ ዓርብ

የገና ማግስት ጨዋታ። የማዕዘን ምት ነበር። ኳሷ ከፍ ብላ ወደ ግቡ አፍ ስትመጣ ኖሪ ከወንበሩ ብድግ አለ። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ተወጠረ። "ልቀቃት ዊሊ! የኔ ናት! የኔ ናት!" ብሎ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ አንገቱን ወደኋላ ስቦ በግንባሩ አየሩን መታው። ወንበሩ ወደቀ።

በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን። ከአፌ ምን እንደሚወጣ ሳላውቅ "ክቡራትና ክቡራን፣ ኖሪ ዛሬ ራሱ ሜዳ ገብቷል! የማዕዘን ምቷን አውጥቷታል!" አልኩ። ዱዌን ከመስታወቱ ማዶ ራሱን ያዘ።

ኖሪ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ማይኩን ዘጋሁ።

"ወጣች?" አለኝ።

"ወጣች ኖሪ።"

"ጥሩ" አለና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ፣ እንዳመመው ሰው።

ዊሊ ታከር ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። ኖሪ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ለቀብሩ ሄዶ ነበር።

ዲሴምበር 29፣ ሰኞ

ትሬሲ አስጠራችኝ። አበቃልን ብዬ ገባሁ። እሷ ግን እየሳቀች ነው።

"ስልኩ ሲጮህ ነው የዋለው! ሰው ወደደው እኮ! አንዱ ከኦሃዮ ደውሎ 'አባቴ ሳሎን ተቀምጦ የሚጮህ መሰለኝ' አለ። ሎንዶኖቹ ይህንን ሊሰጡኝ አይችሉም። የፈለግኩት ይሄንን ስሜት ነው።"

ማስታወቂያ ልትሠራበት ነው፤ የኖሪን ጩኸት። "እሳቸው ቅር አይላቸውም አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ምን ቅር ይለዋል፣ ደስ ነው የሚለው" አልኩ።

ለሚቀጥለው ዓመትም ታስበናለች፤ ሁለታችን አብረን ከሆንን። አብረን ከሆንን አለች። ከቢሮዋ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም።

ለኢሽቤል የገባሁት ቃል አለ። ግን አሁን እንዴት ተደርጎ ነው የሚነገረው?

ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ

ማስታወቂያው ትናንት ወጣ። ኢሽቤል ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

"የባሌን በሽታ ማስታወቂያ አደረጋችሁት?"

"እኔ አላውቅም ነበር። ትሬሲ ናት" አልኳት።

ዘጋችው።

ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሙዚቃ እንደሚጨምሩበት አላውቅም ነበር።

ጃንዋሪ 10፣ ቅዳሜ

ከጨዋታው በኋላ ካርኒ መጠጥ ቤት ገባን። ገና በሩን ስንከፍት ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አንስቶ "የኔ ናት! የኔ ናት!" ብሎ ጮኸ። ኖሪም ብርጭቆ ተቀብሎ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ምንድነው የሚሉት?" አለኝ።

"ያከብሩሃል" አልኩት።

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኖሪ እንደ ድሮው ነበር። አንድ ስም አልሳተም። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል።

"ስሙን ስትልልኝ አውቃለሁ" አለኝ።

"የትኛውን ስም?"

"አትቀልድ። አሁን ደህና ነኝ፣ ልናገር። እኔ ተከላካይ ነበርኩ። አጠገብህ ያለው ሰውዬ እግሩ ሲከብደው የሱንም ቦታ ትሮጥለታለህ። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ጨዋታ። መጨረሻ ላይ ግን ለአሰልጣኙ ትነግራለህ። አለዚያ ሰውየው ሕዝብ ፊት ይዋረዳል።" ትንፋሹ እንደ ጭስ ይወጣል። "ሲበቃኝ ንገረኝ ቨርን። ከዚያች ልጅ፣ ከትሬሲ አፍ አልስማው። ካንተ ልስማው።"

"ገና ነህ" አልኩት።

አተኩሮ አየኝ። "እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ። የት እንዳቆማት ለማስታወስ ቆም አለ። ጠቆምኩት።

ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው እፎይታ አይመስለኝም።

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

መጥፎ ቀን። አጋማሹን በሙሉ ስለ ጭቃው ሜዳ አወራ፤ ዛሬ ሜዳው ደረቅ ነው። ትሬሲ ግን ወደደችው። "ወርቅ ናቸው" አለች።

ፌብሩዋሪ 23፣ ሰኞ

ትሬሲ ቢሮ ስለ አዲሱ ውል ተነጋገርን። መሃል ላይ ስልኬ ጮኸ፣ ኖሪ ነው። "ነገ ነው አይደል?" አለኝ። "አዎ፣ አዎ፣ እንገናኛለን" ብዬ ዘጋሁት። ውሉ ጥሩ ነው። የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። ሃሙስ እወስድለታለሁ።

ፌብሩዋሪ 24፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን በረዶ ጥሏል። ቤት ዋልኩ። ሾርባ አሞቅኩ።

ፌብሩዋሪ 25፣ ረቡዕ

ኖሪ ሆስፒታል ነው።

ትናንት ጠዋት ክራቫቱን አስሮ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ማክሰኞ ነው፤ ጨዋታ የለም። መታጠፊያውን ስቶ ረግረጉ ዳር ደርሶ መኪናዋ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረች። ወርዶ በእግሩ ሄደ። የራዲዮ ማማዎቹ ወዳሉበት፣ ሸምበቆው ውስጥ። ሲመሻሽ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሹፌር ነው ያገኘው። በሚያብረቀርቁት ጫማዎቹ በረዶ ውሃ ውስጥ ቆሟል። "ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ" አለው አሉ።

የቀኝ እግሩን ጣቶች ይቆርጣሉ። ሳንባውም ተይዟል።

ኢሽቤል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ካፖርቷን አላወለቀችም።

"ማክሰኞ ጨዋታ አለ ያለው ማን ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

ፌብሩዋሪ 28፣ ቅዳሜ

ብቻዬን አስተላለፍኩ። ለሕዝቡ ኖሪን ትንሽ ጉንፋን ይዞታል አልኩ። ጨዋታው ምን እንደነበር አላስታውስም።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ደጋግሜ አሰብኩት። "ነገ" ሲል አልሰማሁትም ይሆናል። የትሬሲ ቢሮ ጫጫታ አለው። "ቅዳሜ" ያለ መስሎኝ ይሆናል። ሰው ስልክ ላይ አዎ አዎ ይላል፤ ማንም ይላል።

ማርች 5፣ ሃሙስ

ጫጫታ አልነበረም።

ማርች 19፣ ሃሙስ

ዛሬ ትሬሲ ጋ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ከሴፕቴምበር ጀምሮ የሆነውን፣ ጣቴን፣ ስሞቹን፣ የገና ማግስቱን ጩኸት። ፊቷ ቀስ በቀስ ነጣ።

"ስለ ማስታወቂያው ስነግርህ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ ጠየቅኩህ ቨርን። ቅር አይላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኩህ።"

የማስታወቂያውን ቴፕ ከመደርደሪያ አውጥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከዚያ አለቀሰች። ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ከአራት ወር በፊት ተናግሬው ቢሆን ኖሮ። ኢሽቤል ሳህን ይዛ የለመነችኝ ቀን። ወይም እሱ ራሱ ክንዴን የያዘኝ ቀን። ሁለቱም ጠይቀውኛል። ቅዳሜን ለማን ብዬ እንደጠበቅኳት አሁን አትጠይቁኝ።

ኤፕሪል 13፣ ሰኞ

ኖሪን ካርኒ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ አስገቡት። ጠዋት ሄድኩ። ኢሽቤል አጠገቡ ተቀምጣ ሹራቡን ትቆልፍለታለች። እኔን አያውቀኝም፤ ግን ለሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ተነስቶ ሊጨብጠኝ ሞከረ።

ሲተኛ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም። አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነው የመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። ግን አፌን ስከፍት ስለ ምግቡ ጠየቅኳት።

"የዚያን ሰኞ የደወለልህ እኔ አጠገብ ሆኖ ነው" አለችኝ፤ ፊቷን ሳታዞር።

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ስልኩን ዘግቶ 'ቨርን ነገ ነው አለ' አለኝ። ደስ ብሎት ጫማውን መወልወል ጀመረ። ነገ ማክሰኞ እንደሆነ አውቃለሁ። ጨዋታ እንደሌለ አውቃለሁ።"

"ኢሽቤል..."

"ዝም በል፣ ልጨርስ። እስከዚያ ድረስ ሌሊቱን አላስተኛኝም ነበር። ሲነሳ፣ በር ሲከፍት፣ እናቱን ሲፈልግ። ጠዋት ክራቫቱን አስሮ ሲወጣ አየሁት። ስቱዲዮ ይሄዳል፣ ሰው ይመልሰዋል፣ እስከዚያ ትንሽ ልተኛ አልኩ። ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ።" እጆቿን እያየች ነው። "እንዲያ ያለ እንቅልፍ ለወራት ተኝቼ አላውቅም ቨርን። ውጭው በረዶ መሆኑን እንኳ አላየሁም።"

"ለምን ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ጠየቅሽኝ?"

"እኔ ነኝ እንድትል ፈልጌ። ብትልልኝ የኔን ጥፋት እረሳው ነበር።"

ነርሷ መጥታ ኖሪ ተነስቷል አለችን። አብረን ገባን። እጄን አልያዘችኝም፤ ግን በሩ ጋ ስንደርስ ቀድሜ እንድገባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሜይ 10፣ እሁድ

የመጨረሻው ጨዋታ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ምስሉም ድምፁም ከሎንዶን ነው። ትሬሲ ኬክ ገዝታ ነበር። ዱዌን የኖሪን ማይክ ሊነቅለው ሲል "ይቆይ" አልኩት።

ትሬሲ በጆሮ ማዳመጫዬ ሦስት አራቴ ጮኸችብኝ። "ቨርን፣ ምን ሆነሃል? አየሩን ባዶ አታድርገው! ተናገር!"

ሆን ብዬ አልነበረም። አንድ ተከላካይ ኳስ ሲያወጣ አረፍተ ነገሬን እጀምርና መሃል ላይ አቆማለሁ። ቀሪው የኔ አይደለም። ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ሥራችን አንደበቴ የተሠራው ግማሹን ብቻ ለመናገር ነው።

ሲያልቅ ለሕዝቡ እንዲህ አልኩ፦ ኖሪ ጊልፊላን ታሟል፣ አይመለስም፣ ስለ ኳስ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዘንድሮ ሲሳሳት የሰማችሁ ሰዎች ጥፋቱ የሱ አይደለም። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

የአረጋውያኑ መኖሪያ ሳሎን ውስጥ የእሁዱን ጨዋታ እየደገሙት ነበር። ኖሪ ባለጎማ ወንበር ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ። ኢሽቤል አንድ ጎኑ፣ እኔ ሌላ ጎኑ። የራሴን ድምፅ ከሳጥኑ መስማት ደስ አይለኝም፤ ድምፁን ልቀንሰው ስነሳ እጁን አነሳ።

"ተወው" አለኝ። "ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው።"

ተቀመጥኩ። ኖሪ ማየቱን ቀጠለ። ስክሪኑን እንጂ እኔን አይደለም። ያቺ ኳስ ተሻግራ፣ ተከላካዩ ሲያወጣት፣ ድምፄ መሃል ላይ ተቋረጠ። ኖሪ አንገቱን አዘነበለ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው።

"ለምንድነው በየመሃሉ ዝም የሚለው?"

ኢሽቤል ቀና ብላ አየችኝ።

"አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነበረ" አልኩት። "እሱን እየጠበቀ ነው።"

ኖሪ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። "ታዲያ ለምን ሰው አይነግረውም?" አለ። "ጓደኛው የማይመጣ ከሆነ፣ አይመጣም ብለው ይነግሩታል እንጂ ሰው እንዲህ አያስጠብቁትም።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

ጨዋታው እስኪያልቅ አብሬው ተቀመጥኩ።